ማሽኑን ጠይቄ ልጅቱን ሳልጠይቅ

ባለፈው ሰኔ ጡረታ ስወጣ የትምህርት ክፍላችን ባልደረቦች ጋቢ አለበሱኝ፤ ዲኑም ንግግር አደረገ። ዲኑ ዳንግላ ሁለተኛ ደረጃ ሳስተምር ተማሪዬ የነበረ ልጅ ነው፤ እኔን ማመስገን ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። «ጋሼ አንዱዓለም ባይኖሩ ኖሮ» አለ፣ «ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በትምህርት ላይ እንዴት እንደምንጠቀም ዛሬ የምንመራበት መመሪያ አይኖረንም ነበር። ተማሪው ስለ ሥራው በቃሉ ሳይጠየቅ አይፈረድበትም የሚለው አንቀጽ የእሳቸው ነው።» ተጨበጨበ። እኔ ጋቢውን ተከናንቤ አቀረቀርኩ፤ ሰዉ ትሕትና መሰለው።

ያፈርኩት ግን የምሬን ነው። ያ አንቀጽ ከየት እንደመጣ በአዳራሹ ከነበረው ሰው ሁሉ ከሥር ከመሠረቱ የሚያውቁት ሦስት ብቻ ናቸው፤ እኔ፣ ዲኑ፣ እና ብርቱካን የምትባል የኮምፒውተር መምህርት። ጡረታ ወጥቼ የሠላሳ ሰባት ዓመት ሥራዬን ልጽፍ ስቀመጥ የማወራው ብዙ ይመስለኝ ነበር። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ግን ሐሳቤ ወደ አንዲት ልጅ ይሄዳል። እንግዲህ እሱን ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የሞጣ ልጅ ነኝ። የባዮሎጂ መምህር ሆኜ ዳንግላ ስመደብ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ አንድ ሣጥንና አንድ ፍራሽ በጋሪ አስጭኜ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወረድኩ። ስለ ደመወዙ ብዙ አልናገርም፤ እሱም ስለ እኔ ብዙ አልተጨነቀም። መምህርነትን ያስተማሩኝ የሳይንስ ክፍል ተጠሪው ጋሼ ይርሳው ናቸው። ቀጭን፣ ቁጡ፣ የጠመኔ ብናኝ ሲያስላቸው የሚውል ሰው ነበሩ።

ጋሼ ይርሳው አንድ ልማድ ነበራቸው። ተማሪ የጻፈውን ይዞ ሲመጣ ወረቀቱን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ በደረቱ ያስተኙታል፤ የእጅ ሰዓታቸውን ፈተው ይጭኑበታል። ከዚያ «ወረቀቱ ይረፍ፤ አንተ ንገረኝ» ይላሉ። ልጁ ከገጠር የመጣ ሆኖ አማርኛው ካነቀው አገውኛ የሚያውቀውን የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ያስጠራሉ። «አፍህን በፈታህበት ተናገር፤ እሱ ይነግረኛል።» ጋሼ ይርሳው እንደ እኔው አገውኛ አይሰሙም ነበር። ግን የልጁን ዓይንና እጅ እያዩ ዘበኛው ሳይጨርስ ማርኩን ሲጽፉ አይቻለሁ።

በመጀመሪያው ዓመቴ ለአንድ ልጅ ዜሮ ሰጠሁ። መልሱ ከመጽሐፉ ጋር ቃል በቃል አንድ ነበርና ኮርጇል ብዬ ደመደምኩ። ጋሼ ይርሳው ልጁን አስጠርተው ወረቀቱን አስተኙና ጠየቁት። ለካ ልጁ መጽሐፍ የለውም፤ ከጓደኛው እየተዋሰ በእጁ ገልብጦ ሙሉውን በቃሉ ይዞታል። የሥርና የግንዱን ነገር በጓሯቸው ባለው ጌሾ እያመሳሰለ ሲያስረዳ እኔ የምገባበት አጣሁ። ልጁ ከወጣ በኋላ «አንዱዓለም» አሉኝ፣ «አንተ ያረምከው መጽሐፉን ነው። መጽሐፉ ደግሞ ፈተና አልተቀመጠም።» ዜሮውን በራሴ እጅ አሰረዙኝ።

በኋላ ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛወርኩ፤ ኑሮዬም ወደ ቆሰበር። ወጣቱ እንጅባራ ነው የሚለው፤ እኛ የቆየነው ግን እስካሁን አፋችን የሚቀናው ቆሰበር ላይ ነው። የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ አስተማርኩ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ አማከርኩ፣ ፈተንኩ። በፈታኝነቴ ተማሪዎች ይፈሩኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ከጽሑፉ በፊት የመስክ ደብተራቸውን አስመጣለሁ። ደብተሩ ከዳር እስከ ዳር በአንድ እስክሪብቶና በአንድ አቀማመጥ የተጻፈ ከሆነ እቤት የበሰለ ነው። እውነተኛው የመስክ ደብተር እስክሪብቶው መሐል ላይ ይቀየራል፣ የገበሬ ስም ተሰርዞ ይደገማል፣ የእኛ አገር ዝናብ ገጹን ያጨማድደዋል። በክረምት ተሠራ የተባለ ደብተር ጠብታ ውሃ ካልነካው ባለቤቱን ቁጭ አድርጌ አፋጥጣለሁ።

እንዲህ እያልኩ ስኖር ኤአይ መጣ። ተማሪው ነው ቀድሞ ያወቀው፤ እኛ የነቃነው የሁሉም ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ሲያምር ነው። ድሮ ሰነፉን በስሕተቱ እለየው ነበር፤ አሁን የሰነፉም የጎበዙም እንግሊዝኛ አንድ ሆነ። የመምህራን ክፍል ውስጥ ጭቅጭቅ ነበር። አንዱ ጨርሶ ይከልከል ይላል፤ ሌላው የራሱን ፈተና በእሱ እያወጣ ተማሪን ይገስጻል። እኔ ፈራሁ። ሠላሳ ምናምን ዓመት የሠራሁበት ዓይኔ የማያይ መሰለኝ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ቀናኝ። አንድ ተማሪ በቆሰበር ዙሪያ ጤፉን በግመል የሚያጓጉዝ ገበሬ አነጋገርኩ ብሎ ጻፈ። ፈረስ ባገሩ ሞልቶ ግመል! «ገበሬውን አሳየኝ፤ ግመሉንም ይዞ ይምጣ» ብለው ልጁ ራሱ ሳቀና ማሽኑ እንደጻፈለት አመነ። ወሬው ግቢውን ዞረ፤ ጋሼ አንዱዓለምን ማሽንም አያታልላቸውም ተባለ። እኔም አመንኩት።

ካቻምና ሰኔ ላይ የእናትነሽ ጽሑፍ ደረሰኝ። እናትነሽ ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ የመጣች፣ አገውኛ ተናጋሪ፣ ክፍል ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ በዓመት ሦስት ቃል የማትናገር ልጅ ነበረች። አማካሪዋ ለትምህርት ሄዶ ስለነበር ጽሑፏ አስቀድሜ ሳላየው በቀጥታ ለፈተና ወደ እኔ መጣ። ርዕሷ ገበሬዎቻችን ማሳ ላይ የሚያለሙት ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ነው። ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ከከሰለበት በኋላ በዚያው ቦታ የሚዘራው ጤፍ ለምን እንደሚሻል ጠይቃለች። ጥያቄው ጥሩ ነው። እንግሊዝኛው ግን ከጥሩም በላይ ነበር። ሁለተኛውን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ልቤ ጨከነ።

ውጤት የሚገባው ዓርብ ነው፤ ቀኑ ረቡዕ። የመስክ ደብተሯን ማስመጣት ነበረብኝ፤ አላስመጣሁም። ኮምፒውተሬን ከፈትኩ፣ ምዕራፉን ገልብጬ ለፕሮግራሙ ሰጠሁትና «ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ወዲያው መለሰ። አዎ፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፣ ተጨማሪ እርዳታ ከፈለጉ ዝግጁ ነኝ አለኝ፤ በጨዋ ደንብ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን አልደብቅም፤ ደስታ ነው። አባቴ በአገራችን የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ፤ ልጅ ሆኜ ሲያስታርቁ እያየሁ ነው ያደግሁት። ተከሳሹ ተነሥቶ አዎ፣ አጥፍቻለሁ ካለ ነገሩ አለቀ፤ ምስክሮቹ ተመርቀው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ያመነ ሰው ላይ ማስረጃ አይፈለግም። እኔም ማሽኑን እንዳመነ ሰው ቆጠርኩት። የሚያፍርበት ፊት፣ የሚሰጋለት ስም የሌለው ነገር አዎ ቢል ምን ዋጋ አለው ብዬ ለአፍታ አላሰብኩም። መልሱን አትሜ ለዲኑ ወሰድኩለት።

በማግስቱ ኮሚቴ ተቀመጠ። እናትነሽ ገብታ በሩ አጠገብ ቆመች። የታተመውን ወረቀት አቀበልኳት።

«ፕሮግራሙ ራሱ አምኗል» አልኳት።

ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየችው። «መምህር፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች።

«ይህን ፕሮግራም ተጠቅመሻል ወይስ አልተጠቀምሽም?»

«እሱማ…» አለችና አቆመች። ጣቷን ስታፍተለትል አየሁ። ዲኑ «የምትጨምሪው ነገር አለ?» ሲላት የለም በሚል ራሷን ነቀነቀች። ዝምታዋን እንደ ሁለተኛ የእምነት ቃል ቆጠርኩት። ጽሑፏ ወደቀ፣ ለአንድ ዓመት ታገደች፣ ስሟ ከተመራቂዎች ዝርዝር ወጣ። ስትወጣ በሩን ቀስ ብላ ነበር የዘጋችው።

ኅዳር ላይ ብርቱካን ለመምህራን ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥልጠና ሰጠች። ሻይ ሰዓት ላይ ያን ዘዴዬን እየኮራሁ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ እስቲ የራስዎን ጽሑፍ ይስጡትና ይጠይቁት» አለችኝ።

በቦርሳዬ ዳንግላ እያለሁ የጻፍኩት ስለ ሥር የሚያወራ የትምህርት ማስታወሻ ነበር። ያን ስጽፍ ብርቱካን አልተወለደችም። አንዱን ገጽ በሁለት ጣቴ እየፈለግሁ ተየብኩትና ጠየቅሁ። አዎ፣ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ አለ፤ በዚያው ጨዋነት፣ በዚያው ደንብ።

«ማን ምን እንደጻፈ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ራሱ የጻፈውንም እንኳ» አለች ብርቱካን። «ጠያቂው ሊሰማ የፈለገውን ገምቶ ነው የሚመልሰው። ጋሼ፣ በዚህ የፈረዱበት ሰው አለ እንዴ?»

«አንዲት ልጅ» አልኳት። ሻዬን ትቼ ወጣሁ።

ዲኑ ቢሮ ስገባ ያለወቅቱ የወረደው ዝናብ ልብሴን አበስብሶት ነበር። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ ጉዳዩ ተዘግቷል እኮ። በበላይ አካል የጸደቀ ነገር ነው። እርስዎም ጡረታዎ ደርሷል፤ በመጨረሻ ሰዓት ስምዎ በዚህ ይነሣ?»

«የእኔን ስም ተወውና የእሷን መልስ» አልኩት። በእሱ ላይ ጮኼ የማላውቅ ሰው ያን ቀን ጮኽኩ። እዚያው ተቀምጬ አጥፍቻለሁ የሚል ደብዳቤ ጻፍኩና ፈረምኩ። ዲኑ ደብዳቤውን ይዞ ብዙ ቢሮ እንደዞረ፣ ብዙም ቁጣ እንደጠጣ በኋላ ሰምቻለሁ።

እናትነሽን ማግኘት ራሱ ጭንቅ ነበር። ስልኳ አይሠራም፤ ቀበሌዋ ውስጥ ኔትወርክ የለም። በገበያ ቀን ከዚያ በኩል ለሚመጣ ሰው ሁሉ መልእክት ሰጠን። ሁለት ሳምንት አለፈ። አትመጣም ብዬ ተስፋ ስቆርጥ አንድ ሰኞ ጠዋት የመስክ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ መጣች።

ኮሚቴው እንደገና ሲቀመጥ ደብተሩን ገለጥኩት። ከሰል የነካው አውራ ጣት በየገጹ ታትሟል፣ ገጹ በዝናብ ተጨማድዷል፣ እስክሪብቶው አራት ጊዜ ተቀይሯል። ይህን ሰኔ ላይ ባየው ኖሮ ነገሩ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ዘጋሁትና የመመረቂያ ጽሑፏን በደረቱ አስተኛሁት። አገውኛ የሚያውቅ ባልደረባ አስጠርተን «አፍሽን በፈታሽበት ንገሪን» አልናት።

ያቺ ዝምተኛ ልጅ ከአንድ ሰዓት በላይ ተናገረች። ከሰል የሚከስልበትን ቦታ እንዴት እንደሚመርጡ በእጇ እየቆፈረች አሳየች። አንድ ገበሬ የግብር ሰው መስላው ሦስት ቀን እንደዋሻት፣ በአራተኛው ቀን ከብቶቹን ስታግድለት እውነቱን እንደነገራት ስታወራ ኮሚቴው በሙሉ ሳቀ። ማን ምን እንዳላት፣ የትኛው ማሳ እንደሆነ፣ የቱ መልስ እንዳላሳመናት ሁሉንም ታውቃለች። በመጨረሻ ዲኑ ስለ ፕሮግራሙ ጠየቃት።

በአማርኛ መለሰች። «ተጠቅሜያለሁ።»

ቀጠለች። «ሁለተኛውን ምዕራፍ ጽፌ ስጨርስ እንግሊዝኛውን እንዲያቃናልኝ ሰጠሁት። ሐሳቡ የእኔ ነው። እሱ ያጣመመብኝንም መልሼ አቅንቻለሁ፤ ዲከረንስን በአገራችን የሌለ በሽታ አለበት ብሎ ጨምሮብኝ ነበር።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም?» አላት ዲኑ።

ወደ እኔ ሳታይ ነው የመለሰችው። «መምህር ተጠቅመሻል ወይስ አልተጠቀምሽም አሉኝ። አዎ ብል ሌባ ነኝ፤ አይ ብል ውሸታም ነኝ። መሐል ያለውን የምናገርበት ቦታ አልሰጡኝም።»

መመሪያው ከዚያ ወጣ። ተማሪው ምኑን በማሽን እንዳሠራ፣ ምኑን ራሱ እንደሠራ በግልጽ ጽፎ ያስገባል፤ ይህን መጻፉ አያስቀጣውም። መምህሩም ፈተና ሲያወጣ ወይም ሲያርም በማሽን ከታገዘ ይናገራል። ማሽን በተማሪ ላይ ምስክር አይሆንም። ጥርጣሬ ካለ ወረቀቱ ተገልብጦ ተማሪው በቃሉ ይጠየቃል። ብርቱካን ናት ያረቀቀችው፤ እኔ የሰጠሁት የመጨረሻዋን ነው፣ እሷም የጋሼ ይርሳው ናት።

የእናትነሽ ውጤት ተመለሰ። ምረቃው ግን አልፏል፤ ከጓደኞቿ ጋር የምትለብሰውን ካባ የሚመልስላት መመሪያ የለም። በግብርና ጽሕፈት ቤት ለእሷ ተብሎ የታሰበውን ቦታ ሌላ ሰው ይዞታል። ኮሪደሩ ላይ ይቅርታ ስጠይቃት ፌስታሏን ይዛ ቆመች።

«እኔስ እሺ፣ መምህር» አለች። «አባቴ ግን ልጅህ ሰርቃ ተባረረች ሲሉት ከማኅበሩ ቀርቷል። በቤተ ክርስቲያንም ሰው አያናግርም። ለእኔ እዚህ ያሉኝን እዚያ ሄደው ለእሱ ቢሉልኝ ይሻለኛል።»

ጥር ላይ፣ በአንድ እሑድ፣ ሄድኩ። ባጃጁ መንገዱ ያለቀበት ላይ አወረደኝ፤ ከዚያ በእግር፣ እሷ ከፊት እኔ ከኋላ። መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። የቀርከሃ አጥራቸውን አልፈን ስንገባ አባቷ አቶ ዓለሙ ከቅዳሴ የተመለሱ ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል፤ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ናቸው። አማርኛ ለገበያ ያህል ይሰማሉ። ለዚህ ነገር ግን በቋንቋቸው ሊሰሙ ፈለጉ፤ አስተርጓሚዋም ራሷ ልጃቸው ሆነች። ጥፋቱን ሊያምን የመጣ ሰው ተቀመጥ እስኪባል ይቆማልና ባርኔጣዬን አውልቄ ቆምኩ።

ልጃችሁ አልሰረቀችም አልኩ። ሥራው የራሷ ነው። ማሽን ጠይቄ ማሽን ዋሸኝ፤ ያንን አምኜ በደልኳት። እናትነሽ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ተረጎመችው። ከሰዎቹ አንዱ ከንፈሩን መጠጠ። አባቷ ግን ፊታቸው አልተፈታም። አንድ አጭር ነገር ጠየቁ።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ማሽኑ ዋሻቸው፤ ይሁን። ግን ልጄ እዚያው ግቢ ውስጥ እያለች ማሽኑን አስቀድመው የጠየቁት ለምንድን ነው ይላል።»

መልስ ይዤ ነበር የመጣሁት። የተማሪው ብዛት፣ የዓርቡ ቀነ ገደብ፣ የዕድሜዬ ነገር። ሁሉም እውነት ነው። አፌን ስከፍት ግን እነዚያ አልወጡም።

«እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከዚህ ቤት የወጣች ልጅ ትጽፋለች ብዬ ስላላመንኩ ነው» አልኩ።

እናትነሽ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ከሰኔው ቀን ወዲህ ፊት ለፊት ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው። አልተረጎመችም። «እንዳለ ንገሪያቸው» አልኳት።

ነገረቻቸው። ሠላሳ ምናምን ዓመት በአዊ ኖሬ አገውኛ አልተማርኩም፤ ያን ቀን አፈርኩበት። ግን ምንም እንዳላስቀረች አወቅሁ። ከንፈሩን ሲመጥ የነበረው ሰውዬ ፊቱን አዞረ፤ አባቷ የገዛ እጃቸውን መመልከት ጀመሩ። እኔ እንደቆምኩ ነበርኩ። በመጨረሻ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ቅድም የነገሩን የማሽኑን ጥፋት ነበር፤ ይኼ የራሳቸው ነው። አሁን ይቀመጡ ይላል» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። እናትነሽ ግን አጠገቤ ቦታ እያለ አልተቀመጠችም።